ከባሕር ዳር ሆኖ የደን ሥነ ምህዳር መማር፦ የትኛው ዕድል ምን ያስጨብጣል?

ጣና ዳር ተቀምጦ የደን ትምህርት የሚፈልግ ሰው ደን አይቸግረውም። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከባሕር ዳር በየትኛውም መውጫ ቢወጣ በማሳው መካከል ከሩቅ ጠቆር ብሎ የሚታየው ክምር የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ ጉልላቱ ብቅ የሚለው ቀረብ ሲሉ ነው። ሐይቁና ዙሪያው በ2015 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ 695,885 ሄክታር ነው (እዚህ የተጻፉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሚቸግረው ሌላ ነው። ከአፓረንት (ተማሪ ሳይመረቅ ከሚወጣበት የሥራ ልምምድ) እስከ ድኅረ ዶክትሬት ያለውን ዕድል እንደ ገበያ ዕቃ አገላብጦ የሚያይ ጠፍቷል። ሁሉም የሚጠይቀው "የቱ ይከፍላል?" ብቻ ነው።

እዚህ የያዝነው ሚዛን ሦስት ጥያቄ አለው። ተማሪው በገዛ እጁ ዛፍ ለክቶና ለይቶ ይመለሳል ወይስ ስላይድ አይቶ? የሰበሰበው መረጃ በማን እጅ ይቀራል? ያው ዛፍ ዳግመኛ እንዲለካ ተብሎ የተዘጋጀ ነገር አለ? ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ አብዛኛው ዕድልም የሚወድቀው እሱ ላይ ነው።

ለምን እንደሚከብድ ቀድሞ ማስረዳት ይሻላል። በአካባቢው የደን ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ሥዕል የተገለበጠ የጄ (J) ፊደል ቅርጽ ነው፦ ቀጫጭን ዛፍ ብዙ፣ ወፍራም ዛፍ ጥቂት። ከሥሩም "ደኑ ጤናማ ተተኪ አለው" የሚል ዓረፍተ ነገር ይከተላል። ችግሩ ያ ሥዕል ከአንድ ጊዜ ልኬት የወጣ መሆኑ ነው። ቀጫጭኑ ዛፍ እያደገ ይሁን ባለበት ደርቆ የቀረ፣ የአንድ ቀን ሜትር አይናገርም። ቡቃያማ ጭራሽ ይዋሻል። ክረምቱ እንደወጣ በጥቅምት የተቆጠረና በጋውን አሳልፎ በግንቦት የተቆጠረ የዶቅማ ቡቃያ እጅግ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል፤ መካከል ላይ የበጋው ድርቀትና የከብት አፍ አለ። ስለዚህ ተማሪን አንድ ጊዜ ብቻ አስለክቶ የሚያስመርቅ ፕሮግራም የደን ዝርዝር እንጂ የደን ሥነ ምህዳር አላስተማረም።

ከታች እንጀምር። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሁለት በር አለ። በፔዳ ግቢ ያለው የባዮሎጂ መንገድ ወደ ዝርያ መለየትና ወደ ሥነ ሕይወት ያዘነብላል። ዘንዘልማ ባለው የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ያለው የተፈጥሮ ሀብት መንገድ ደግሞ ወደ አፈር፣ ተፋሰስና ተከላ ያዘነብላል። ለደን ሥነ ምህዳር ሁለቱም ጎደሎ ናቸው፤ በአንዱ ያለ ተማሪ ከሌላው ግቢ ሁለት ሦስት ኮርስ ተቀምጦ ቢሰማ ያተርፋል። ዕድሉ የሚለየው ግን በአፓረንቱ ነው። በየቢሮው ፋይል ሲያስተካክል የወጣ ተማሪና በምርምር ማዕከል ሜትር ይዞ የወጣ ተማሪ ዲግሪያቸው አንድ ነው፣ እጃቸው አንድ አይደለም። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር ነው፣ የአዴት ማዕከሉም ሩቅ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ደን ልማትም በከተማው ማዕከል አለው። ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት መጠየቅ ያለበት "በዚህ ሁለት ወር ውስጥ መስክ የሚወጣ ሥራ አላችሁ?" ነው። መልሱ "እናያለን" ከሆነ ሌላ ቦታ ይሞከር።

አፓረንት ላይ መማር ያለበት ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ቴሲስ የሚበላሸው እዚህ ነው። የዛፍ ስፋት (የግንዱ ዲያሜትር) የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ተዳፋት ላይ ቁመቱ የሚቆጠረው ከላይኛው በኩል ቆሞ ነው፤ ከታች በኩል የለካ ሰው በሥሩ አጠገብ ይለካል፣ ዛፉም በወረቀቱ ላይ ይወፍራል። ከ1.3 ሜትር በታች የተከፋፈለ ዛፍ እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው ይለካና የየግንዱ ስፋት በራሱ ተባዝቶ ይደመራል፣ ከድምሩ ካሬ ሥር ይወሰዳል። ዝም ብሎ ስፋቶቹን መደመር የተለመደ ስሕተት ነው። ክንፍ መሰል ሥር ያላቸው ትላልቅ ዛፎች፣ ለምሳሌ ያረጁ የሾላ ዝርያዎች፣ ክንፉ ካለቀበት 50 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይለካሉ፤ የተለካበት ከፍታም አብሮ ይጻፋል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ የወጣ ደግሞ የለካው ዙሪያን እንጂ ስፋትን እንዳልሆነ አይርሳ። 94 ሴንቲሜትር ዙሪያ ማለት ለ3.14 ሲካፈል 30 ሴንቲሜትር ስፋት ነው። በአንድ የመረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ግማሹ ዙሪያ፣ ግማሹ ስፋት ሆኖ መገኘቱ የሚያስቅ ይመስላል፤ ለሚያርመው ሰው ግን አያስቅም።

ጥቃቅን ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር ይታይ። ለሐሩራማ አገር ደኖች በሰፊው የሚሠራበት የሻቭና የባልደረቦቹ የ2014 ቀመር የአንድን ዛፍ ደረቅ ክብደት እንዲህ ያሰላል፦ የእንጨቱ እፍጋት በስፋቱ ካሬና በቁመቱ ይባዛል፣ ውጤቱ ወደ 0.976 ኃይል ከፍ ይላል፣ በ0.0673 ይባዛል። እፍጋቱ 0.6፣ ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 18 ሜትር የሆነ ዛፍ ወደ 525 ኪሎ ይመጣል። ሜትሩ ላልቶ ወይም ሐረግ ሥር ገብቶበት 32 ተብሎ ቢጻፍ ወደ 595 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ሴንቲሜትር 13 በመቶ አሳደገው። በሁለት ልኬቶች መካከል በአምስት ዓመት ያደገውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በዚህ ዓይነት ስሕተት ዕድገቱን በሙሉ ሊያጣው ይችላል።

ተመርቆ ሥራ ላልያዘ ሰው ከሁሉ የተሻለው ሥልጠና ማስታወቂያ የሌለው ነው፦ የዶክትሬት ተማሪ ረዳት ሆኖ መስክ መውጣት። ሰርተፊኬት አይሰጥም፣ ክፍያው የቀን ነው፣ ግን በሃያ ቀን ውስጥ ከስምንት መቶ እስከ አንድ ሺህ ዛፍ በእጅ ያልፋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ከመነሳት በፊት በወረቀት ይስፈር። የቀን ክፍያው፣ ምግቡና ጀልባው የማን እንደሆነ፣ ሰው ቢታመም ማን እንደሚያሳክም፣ ስሙ በምስጋናው ላይ ይጻፍ እንደሆነ፣ የመስክ ቅጹን ቅጂ ያገኝ እንደሆነ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ወደ ማስተርስ ስንመጣ ሦስት መደብ አለ፣ ዋጋቸውም የተለያየ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር መማር መምህር ለሆነና ቤተሰብ ላለው ሰው የሚያዋጣ ነው፤ ደኑ ቅርብ ስለሆነ የተሳሳተን ፕሎት (ተከልሎ የሚለካ የደን ቁራሽ) ተመልሶ ማረም ይቻላል። ይህ ጥቅም ሲታይ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሌላ ቦታ በገንዘብ አይገዛም። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት የደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ በአገሪቱ የደን ትምህርት አንጋፋ ነው። ደንን እንደ ሙያ፣ ከዘር እስከ እንጨት፣ በሙሉ ለማወቅ ለሚሻ እሱ ይበልጣል። ጉድለቱ ርቀቱ ነው፤ ትምህርቱን እዚያ፣ የመስክ ሥራውን ጣና ዳር ያደረገ ተማሪ በአዲስ አበባ በኩል ሁለት ሁለት ቀን መንገድ እየበላ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ ይጨርሳል። ሦስተኛው የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ማስተርስ የሆነው ኢራስመስ ሙንዱስ ነው። ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ ቢያንስ በሁለት አገር ያስተምራል፣ ማመልከቻው ባብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ይከፈታል። በስታቲስቲክስና በጽሑፍ የሚሰጠው ብስለት ከሁለቱ ይበልጣል። ግን ቴሲሱ በአውሮፓ ጫካ ወይም በተዘጋጀ መረጃ ላይ የመውደቅ አዝማሚያ አለው። የጣናን ደን ማጥናት የሚፈልግ ሰው ይህን በመጀመሪያው ሴሚስተር ካልተናገረ በሦስተኛው አይሆንለትም።

ማስተርሱ የትም ይሁን፣ የመስክ ዕቅዱ ላይ የሚደጋገም ችግር አለ። የተለመደው 20 በ20 ሜትር ፕሎት ነው፤ በውስጡ 5 በ5 ለለጋ ዛፍ፣ 1 በ1 ለቡቃያ ይሠመራል። ሠላሳ ፕሎት ማለት 1.2 ሄክታር ነው። አራት ሰው ጥቅጥቅ ባለ ደን በቀን አራት ፕሎት ከጨረሰ በርትቷል፤ ስለዚህ ስምንት ቀን፣ ለበዓልና ለዝናብ ሦስት ቀን ጨምሮ አሥራ አንድ ይያዝ። ፕሮፖዛል ላይ "አምስት ቀን" ብሎ የጻፈ ተማሪ በስድስተኛው ቀን ዛፍ በዓይኑ መገመት ይጀምራል። ተዳፋትም አለ። ፕሎቱ በካርታ ላይ 20 ሜትር እንዲሆን፣ መሬቱ 30 ዲግሪ ካዘነበለ ሜትሩ መዘርጋት ያለበት 23.1 ሜትር ነው። ይህን ያላስተካከለ ከሜዳው ደን ጋር ሲያወዳድር የተዳፋቱን ደን ያለ ጥፋቱ ያሳሳዋል።

የቤተ ክርስቲያን ደን ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። ሦስት ሄክታር ደን ክብ ነው ብንል ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 98 ሜትር ብቻ ነው። ነፋስ፣ ፀሐይና ከብት እስከ 50 ሜትር ይዘልቃሉ ብለን ያንን ብንቀንስ፣ ውስጥ የሚቀረው ከሩብ በታች ነው። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ፕሎት ያለ ጥንቃቄ መበተን ማለት ጠርዙን ለክቶ "ደኑ" ማለት ነው። በሳተላይት ለሚሠራም እንዲሁ፦ በላንድሳት 30 ሜትር ነጥብ (ፒክስል) ያ ደን ወደ 33 ነጥብ ነው፣ ከዚያም ላይ የጠርዙ ነጥቦች ከማሳ ጋር የተቀላቀሉ ናቸው። በሴንቲኔል 2 በ10 ሜትር 300 ነጥብ ይሆናል። ያረጀ የላንድሳት ሥልጠና ብቻ የሚሰጥ ወርክሾፕ ለዚህ አካባቢ ብዙም አይጠቅምም፤ የሰላሳ ዓመት ለውጥ ለማየት ግን ከላንድሳት ሌላ አማራጭ የለም።

አሁን ማንም የሥልጠና ብሮሹር ወደማይጽፈው ጉዳይ እንምጣ። ጣና ዙሪያ የደን ተመራማሪ ለመሆን አር (R) ከሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በፊት የሚያስፈልገው ደጅ መጥናት ነው። የዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ወደ ሀገረ ስብከት ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤ፤ ገዳም ከሆነ ወደ አበምኔቱ። ግልባጩ ለቀበሌና ለጸጥታ አካል ይደርሳል። ደብዳቤው በኢሜይል አይሄድም፤ በእጅ ይያዛል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ቅጂው በላስቲክ ተጠቅልሎ መስክ ድረስ ይከተላል። ለዚህ ሁለት ሳምንት ያልያዘ ዕቅድ ዕቅድ አይደለም።

ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ቃልም ያስከፍላል። "የደን ቆጠራና ልኬት" የሚል ደብዳቤ ይዞ ሜትር የዘረጋ ሰው መሬት ሊለካ የመጣ ይመስላል፣ ወይም ዛፍ ሊገመት። ምን እንደማይደረግ በግልጽ ይጻፍ፦ ዛፍ አይቆረጥም፣ ቅርፊት አይላጥም፣ አፈር ከተወሰደ በትንሿ ከረጢት ነው። ቀለም መቀባትና ሚስማር መምታት በአብዛኛው ቅጥር ውስጥ አይፈቀድም፣ ባይጠየቅም ባይሞከር ይሻላል። ታዲያ ዛፉ በአምስት ዓመቱ እንዴት ይገኛል? ከፕሎቱ ማዕዘን ወደ ጎንና ወደ ፊት ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ የእያንዳንዱ ዛፍ ቦታ በወረቀት ላይ ይሣላል። ማዕዘኑ ላይ በፈቃድ አጭር ብረት ወይም ምልክት ያለው ድንጋይ ይቀበራል። ጂፒኤስ ብቻውን አይበቃም፤ በዛፍ አናት ሥር ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ሊስት ይችላል፣ 20 ሜትር ፕሎት ላይ ያ ማለት ግማሹን ማጣት ነው። ይህን የሚያስተምር ኮርስ ከተገኘ፣ ሌላው ቢጎድልም ይወሰድ።

ሌላም አለ። በውስጠኛው ቅጥር ጫማ ይወልቃል፣ ስለዚህ እሾህና ጉንዳን ይታሰብ። በደብሩ ዓመታዊ በዓልና በዋዜማው መስክ አይታሰብም። ለሴት ተመራማሪዎች ደግሞ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የተባሉት የደሴት ገዳማት አይከፈቱም፤ በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ይቻላል። ሴት ተማሪን ልትገባበት በማትችለው ደሴት ላይ ርዕስ አስመርጦ በኋላ ወንድ ረዳት ፈልጊ የሚል አድቫይዘር ካለ፣ ጥፋቱ የአድቫይዘሩ ነው፤ የራሷን ፕሎት ያላየች ተማሪ ምን ልትከራከርበት ነው? ዘጌ ደግሞ የቡና ደን መሆኑ አይረሳ። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥር ቡና ነው። ከሥር ያለው ቡቃያ ያነሰው ደኑ ስለታመመ ሳይሆን ቡናው ስለሚታረም ሊሆን ይችላል። ባለቡናውን ሳይጠይቁ ተተኪ የለም ብሎ መደምደም የመጀመሪያ ዓመት ስሕተት ነው።

ዶክትሬት ላይ ጥሩ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 የእንጨት ተክል ዝርያዎችን መዝግቧል፤ ዶክትሬቱን የሠራው በሆላንዱ ቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዝርዝሩ ይልቅ ግን የሚያስቀናው ጥያቄዎቹ ናቸው። ከብት ቢከለከል ቡቃያው ይተርፋል ወይ ብሎ አጥሮ አየ። ከደመል ተከታይ ጋር ደግሞ በአፈር ውስጥ ያለውን የዘር ክምችት መረመሩ፤ አብዛኞቹ አገር በቀል የእንጨት ዝርያዎች በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ዘር እንደማያከማቹ አሳዩ። ይህ ማለት ደኑ አንዴ ከተመነጠረ አፈሩ በራሱ አይመልሰውም ማለት ነው። በኋላም ከአሜሪካዊቷ የዛፍ አናት ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር ሥራ ተከተለ። ከጥያቄ ወደ ሙከራ፣ ከሙከራ ወደ አጥር። ዶክትሬት የሚመዘነው እንዲህ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሲመረጥ ሳንድዊች የሚባለውን፣ ማለትም መስኩ አገር ቤት፣ ትንተናውና ጽሑፉ ውጭ የሆነውን፣ ከሙሉ ውጭው እናስበልጣለን። ሁለት የመስክ ወቅት የሚፈቅደው እሱ ነው። ለሴቶች በጣልያን ትሪየስቴ የሚገኘው የታዳጊ አገሮች የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት የዶክትሬት ዕድል አለ፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በሌላ ታዳጊ አገር ነው፣ ኢትዮጵያውያንም ያመለክታሉ። ዳድ የሚባለው የጀርመን ተቋምም በአፍሪካ ውስጥ ለሚማሩ ዕድል ይሰጣል። ሁሉም ላይ ፕሮፖዛሉ የሚወድቀው በአንድ ቦታ ነው፦ "የደኑን ሁኔታ ማጥናት" የሚል ዓላማ። ምን ሲለወጥ ምን ይለወጣል የሚለው ካልተጻፈ ገምጋሚው ወደ ቀጣዩ ይሄዳል።

የዶክትሬት ሌላው ወጥመድ ናሙና ከአገር ማውጣት ነው። ቅጠል፣ ዘር ወይም አፈር ወደ ውጭ ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ የዘረመል ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/2006 አለ፤ ፈቃዱ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በኩል ነው፣ ለተክል የጤና ምስክር ወረቀትም ይጨመራል። ጥቁር እንጨት የምንለው ፕሩነስ አፍሪካና ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ሰንጠረዥ ስላለ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ወራት ይወስዳል። የውጭው አማካሪ "በሻንጣህ ይዘህ ና" ቢል እንኳ አይሰማ፤ በኋላ መጽሔቱ የፈቃዱን ቁጥር ሲጠይቅ መልስ የሚያጣው ተማሪው ነው።

ዝርያ መለየት ላይ በየደረጃው ያለው ሥልጠና ደካማ ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የአካባቢ ስም ዝርያ አይደለም። ሰሳ ሲባል ከአንድ በላይ አልቢዚያ ነው፣ ግራር ሲባልማ ዝርዝሩ ረጅም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ክምችት) ማረጋገጫ ይሰጣል፤ በስምንት ቅጽ የተዘጋጀው የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራም (የዕፅዋት መለያ መጽሐፍ) በ2009 ተጠናቋል። ግን አበባ ወይም ፍሬ የሌለው ቅጠል ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከእያንዳንዱ ሦስት ቅጂ ይቆረጥ፣ የተቆረጠበት ቦታና ከፍታ፣ የአበባው ቀለም፣ ሲቆረጥ ወተት ይፈስ እንደሆነ እዚያው ይጻፍ፤ ደርቆ ሲመጣ እነዚህ ይጠፋሉ። ቅጠሉ ተጭኖ የሚደርቅበት ጋዜጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየዕለቱ ይቀየር። በሐምሌ ጣና ዳር ሳይቀየር ያደረ ቅጠል ይጠቁራል፣ ከዚያ ሻጋታ ነው። ለዚህ ሥራ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የተሻለ ነው።

በአጭር ሥልጠና መካከል ትሮፒካል ባዮሎጂ አሶሲዬሽን የሚሰጠውን የአንድ ወር የመስክ ኮርስ ከሁሉ በላይ እናስቀምጣለን። ከተሳታፊዎቹ ግማሹ አፍሪካውያን ናቸው፤ ኡጋንዳ ኪባሌ፣ ታንዛኒያ አማኒ፣ ማዳጋስካር ኪሪንዲ በመሳሰሉ ደኖች ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ ተማሪው የራሱን ትንሽ ጥናት ነድፎ፣ ለክቶ፣ ተንትኖ ያቀርባል። ማስተርስ ለጀመረ ወይም ለጨረሰ ሰው ነው የሚሆነው። ጉድለቱ ዛፎቹ የእኛ አለመሆናቸው ነው፤ የሚሸከሙት ዝርያ ሳይሆን ጥያቄ የመንደፍ ልማድ ነው፣ እሱ ደግሞ ይበቃል።

ለወረዳ ባለሙያና ለልማት ሠራተኛ የሚሰጠው ግን አብዛኛው በሆቴል አዳራሽ የሦስት ቀን ስላይድ ነው። አበሉ ይወሰዳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ቦርሳና ደብተር ይታደላል። ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጠነው ለዚህ ነው፤ ሠልጣኙ ሰንፎ ሳይሆን ሜትር ስላልያዘ። የሚያሳዝነው በአቅራቢያው ጥያቄ ሞልቶ ማደሩ ነው። አዊ ላይ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዴከረንስ የሚባለውን ከውጭ የመጣ የግራር ዘመድ ተክሎ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ከመካከሉ ያነሳል፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ቆርጦ ያከስላል። ከዚያ የዝገት በሽታ ገባ። አንድ ዝርያ በተከታታይ ሰፊ መሬት ላይ ሲተከል ምን ይሆናል የሚለውን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ክፍል የት ይገኛል? አንድ ቀን አዳራሽ፣ ሁለት ቀን ማሳ ላይ ቢሆን ያው በጀት ይበቃዋል።

ከዶክትሬት በኋላ ያለው ጨዋታ የሰዓት ነው። የጀርመኑ ሁምቦልት የድኅረ ዶክትሬት ዕድል ዶክትሬት ከተያዘ በአራት ዓመት ውስጥ፣ ልምድ ላላቸው በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የአውሮፓው ማሪ ኩሪ እስከ ስምንት ዓመት ይፈቅዳል። የሴት ሳይንቲስቶቹ ድርጅት ለጀማሪ ተመራማሪዎች እስከ 50,000 ዶላር ይሰጣል፤ በአገሯ ላይ የምርምር ቡድን ልታቆም ለምትፈልግ መምህርት የተሠራ ነው። እዚህ የሚሆነው ግን ይታወቃል፦ ዶክተሩ ሲመለስ ወዲያው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይሆናል፣ በሳምንት አሥራ ስምንት ሰዓት ማስተማር ይጫንበታል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። ሁምቦልት ላይ ተቀባይ ፕሮፌሰር ቀድሞ ማግኘት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ደብዳቤው ከዲፌንስ (ከዶክትሬቱ የመጨረሻ ፈተና) በፊት ይጀመር።

ራፎርድ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት አነስተኛ ድጋፍ ለጥበቃ ሥራ ጥሩ ነው፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ከፍ ወዳለው እየተራመደ ይሄዳል። ንጹሕ ምርምር ግን አይቀበልም። "አጥር እናጥራለን፣ የአጥሩን ውጤት እንለካለን" ያልፋል፤ "የዝርያ ስብጥር እናጠናለን" አያልፍም።

የጸጥታው ሁኔታ የመስክ ሥራን እንደሚያቆም ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ለማንም አይነገርም። ከሁለት የጥናት ቦታ አንዱ በከተማው ቅርብ፣ በእግር ወይም በባጃጅ የሚደረስ ይሁን፤ ዋናው ሲዘጋ በመጠባበቂያው የሚቀጥል ንድፍ ከመጀመሪያው ፕሮፖዛል ላይ ይጻፍ። መንገድ ሲዘጋ ኢንተርኔትም ሊዘጋ ስለሚችል አርና ተጨማሪዎቹ፣ በተለይ ቪጋን፣ የካርታ ፕሮግራሙ ኪውጂአይኤስና የሳተላይት ምስሎቹ ቀድመው ወደ ኮምፒውተር ይውረዱ።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ስንመለስ፣ በስሚዝሶኒያን የሚመራው ፎረስትጂኦ የሚባለው የፕሎቶች መረብ ስፋቱ አንድ ሴንቲሜትር የሞላውን ግንድ ሁሉ በየአምስት ዓመቱ ያስለካል። በ1980 በፓናማ ባሮ ኮሎራዶ ደሴት የተጀመረው 50 ሄክታር ነው። ጣና ዳር ያን ያህል አያስፈልግም። አሥር ፕሎት፣ አራት ሰው፣ ሦስት ቀን ይበቃል፤ የአፓረንት ተማሪዎች በየአምስት ዓመቱ፣ ሁልጊዜ በያው ወር ይለኩታል። የሚጠይቀው በትምህርት ክፍሉ የሚቀመጥ አንድ መዝገብ ነው። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የማዕዘኑ ድንጋይ የት እንደተቀበረ፣ ከየትኛው ዛፍ በስንት ሜትርና በየትኛው ኮምፓስ ዲግሪ እንደሚገኝ፣ ፈቃዱን የሰጠው ደብር የትኛው እንደሆነና ለደብሩ የተሰጠው የአማርኛ የዛፍ ዝርዝር ቅጂ ይኑር። ቅጂው ለደብሩ ያልደረሰ እንደሆነ ሁለተኛው ቡድን በአምስተኛው ዓመት በሩ ላይ የሚጠየቀው ስለ እሱ ነው።